ዘውዱን የሰረቀው ርስት ተሰጠው፤ የጠበቀውስ?

እስቲ ዛሬ አንድ የሌባ ታሪክ ላውጋችሁ። ጣፋጩ የሌባው ነው፤ እኔን የሚከነክነኝ ግን የጠባቂው ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1671 ነው። እኛ ዘንድ ጎንደር ላይ የዐፄ ፋሲል ልጅ ጻድቁ ዮሐንስ ነግሠዋል፤ እንግሊዝ ውስጥ ዙፋኑ ላይ ያሉት ዳግማዊ ቻርልስ ናቸው። የቻርልስ አባት በ1649 አንገታቸው ተቆርጦ፣ የጥንቱም ዘውድ ቀልጦ ነበር። ልጃቸው ሲነግሡ አዲስ ተሠራላቸው፤ በ1661 የጫኑት የቅዱስ ኤድዋርድ ዘውድ ይህ ነው። ዘውዱ፣ በትረ መንግሥቱና የወርቅ ሉሉ የሚቀመጡት በለንደን ግንብ፣ ማርቲን በሚባለው ማማ ምድር ቤት ውስጥ ነበር።

ጠባቂው ታልቦት ኤድዋርድስ ይባላሉ፤ 80 ዓመት የተጠጉ ሽማግሌ። ከነቤተሰባቸው እዚያው ፎቁ ላይ ይኖራሉ። ደመወዝ የላቸውም፤ የሚተዳደሩት ዕቃውን ለማየት የሚመጣ ሰው በሚከፍላቸው ገንዘብ ነው። ይቺን ያዙልኝ። የመንግሥትን ዘውድ የሚጠብቅ ሰው እንጀራውን የሚያገኘው ለማያውቀው ሰው በር በመክፈት ነው!

ሌባው ደግሞ ቶማስ ብለድ ነው። በእርስ በርሱ ጦርነት ከፓርላማው ጎን ቆሞ አየርላንድ ውስጥ መሬት አግኝቶ ነበር፤ ንጉሡ ሲመለሱ መሬቱን አጣ። በ1663 የደብሊንን ቤተ መንግሥት ለመያዝ አሲሮ ከሸፈበት። በ1670 ደግሞ የኦርሞንድን መስፍን ለንደን መንገድ ላይ ጠልፎ ሊሰቅላቸው ሲል አመለጡት። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

አንድ ቀን ብለድ ቄስ መስሎ፣ ሚስቴ ናት ያላትን ሴት አስከትሎ መጣ። ሴትየዋ ዘውዱን እያየች ሳለ "ሆዴን!" አለች። የኤድዋርድስ ባለቤት ደንግጠው ፎቅ ላይ አውጥተው አሳረፏት። ከጥቂት ቀን በኋላ "ቄሱ" ለውለታው ብሎ ለእመቤቲቱ ነጭ ጓንት ይዞ ተመለሰ። ቀስ በቀስ ቤተኛ ሆነ። ያላገባች ልጅ እንዳለቻቸው ሲያይማ "ሀብታም የወንድም ልጅ አለኝ፣ እንዳራቸው" አለ። የወላጅ ልብ ነው፤ ተቀበሉት።

ሜይ 9 ጠዋት ብለድ ሽማግሌ የላከ መስሎ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ሴቶቹ እስኪመጡ ጌጡን አሳዩን አላቸው። ገና ከመግባታቸው ካባ ጣሉባቸው፣ አፋቸውን ጠቀጠቁት። ሽማግሌው ግን ዝም አልል አሉ፤ በእንጨት መዶሻ መቷቸው፣ በጩቤም ወጓቸው። ከዚያ ብለድ ዘውዱን በመዶሻ ጠፍጥፎ ካባው ሥር ከተተ። አንዱ ሉሉን ሱሪው ውስጥ ሸጎጠ። ሌላው በትረ መንግሥቱን በሞረድ ለሁለት ይቆርጥ ጀመር።

ይሄኔ ውጭ አገር በውትድርና የቆየው የሽማግሌው ልጅ ድንገት ከች አለ! ሌቦቹ በትሩን ጥለው ሮጡ፤ ጩኸቱ ቀለጠ፤ በር ላይ ተያዙ።

ብለድ አላፈረም። ባይሳካም ለዘውድ የተደረገ ጀግንነት ነው ብሎ ፎከረ ይባላል። ከንጉሡ በቀር ለማንም አልናገርም አለ፤ ንጉሡም አስጠሩት። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይሄ ነው። ስቅላት ሲጠበቅ ምሕረት አገኘ፤ በላዩም አየርላንድ ውስጥ በዓመት 500 ፓውንድ የሚያስገባ መሬት ተሰጠው። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ገሚሱ ንጉሡ ድፍረቱን ወደዱለት ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ የሚያውቃቸውን አድመኞች እንዲሰልልላቸው ፈለጉት ይላል። ብቻ ብለድ ከዚያ በኋላ ከቤተ መንግሥት ደጅ የማይጠፋ ሰው ሆነ።

ሽማግሌውስ? 200 ፓውንድ ለሳቸው፣ 100 ለልጃቸው ተፈቀደ። ተፈቀደ እንጂ አልተከፈለም። ደጅ መጥናቱ ሲሰለቻቸው የክፍያ ትእዛዙን እጅ በእጅ በግማሽ ዋጋ ሸጡት። በ1674 ዐረፉ።

ታዲያ ይሄን ሳነብ የምናደደው በብለድ አይደለም፤ ሌባ ሥራውን ሠራ። የምናደደው ጠባቂውን ከመጀመሪያውም ያለ ደመወዝ ባስቀመጡት፣ በኋላም ደሙን ባፈሰሰበት ነገር ደጅ ባስጠኑት ነው። ደፋር ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ያወራል፤ ይታያል። ቁልፍ ይዞ ዝም ብሎ የሚኖረውን ሰው ግን ማንም አያየውም፣ አንድ ቀን እስኪወጋ ድረስ።

ያ ዘውድ ተቃንቶ ዛሬም አለ። በሜይ 2023 ንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ ሲጭኑት በቴሌቪዥን አይታችሁታል። ስለ ብለድም ብዙ ተጽፏል። የታልቦት ኤድዋርድስን ስም ግን ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር?

እስቲ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ የድሮ ተማሪዎቼ ለምዳችሁታል። የመሥሪያ ቤታችሁን ንብረት ክፍል ቁልፍ የያዘው ሰው ስሙ ማን ነው? ደመወዙስ ስንት ነው?