ከጅቡቲ የተነሳው ሃዲድና የሜካኒካል ምሕንድስና

ጥቅምት 1890 ዓ.ም ጅቡቲ ላይ የባቡር ሃዲድ መዘርጋት ሲጀመር፣ በአካባቢው መሐንዲስ የሚያወጣ አንድም ኮሌጅ አልነበረም። ዛሬ የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ በየሴሚስተሩ ለየብቻ የሚማራቸው ዘርፎች ግን ከዚያች ወደብ በተነሳው መስመር ላይ አንድ በአንድ ተፈትነዋል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው። ኢልግና ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኖ ያቋቋሙት ኩባንያ ሃዲዱን በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ አድርሶ ገንዘብ አለቀበት። ሥራውን ሌላ ኩባንያ ተረክቦ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነበር። መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር፤ በሁለቱ ሃዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና የቴርሞዳይናሚክስ ነበር። የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃ አይሄድም፤ የጅቡቲ ምድር ደግሞ ደረቅ ነው፣ ሙቀቱም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ጨዋማ ውሃ ሲፈላ ቦይለሩ ውስጥ ቅርፊት ይጋግራል። ቅርፊቱ ሙቀት እንዳይተላለፍ ስለሚያግድ ብረቱ ከልክ በላይ ይግላል፣ ይዳከማልም። በ1940ዎቹ የናፍጣ ባቡር ሲመጣ የውሃው ጣጣ ቀለለ፤ በምትኩ የከፍታው ጥያቄ መጣ። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው የአዲስ አበባ አየር ከጅቡቲው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነውና፣ ሞተር በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ጉልበቱ ይቀንሳል።

የማቴሪያል ሳይንስም እዚያው ነበር። 10 ሜትር የሚረዝም የብረት ሃዲድ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ካልተተወለት ይጣመማል። ጅቡቲ ውስጥ ሆልሆል ሸለቆ ላይ፣ 29 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን የብረት ድልድይ የሠሩ ሰዎች ይህንን ስሌት ከዝገቱ ጋር አብረው መመለስ ነበረባቸው።

የዳይናሚክስ ትምህርት ዋጋው የከበደው በጥር 1977 ዓ.ም ነው። በአዋሽ አቅራቢያ ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ኩርባው ላይ ደርሶ ገደል ገባ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ መንገደኞች አለቁ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር፣ ኩርባ ላይ ባቡሩን በሃዲዱ ላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው ኃይል በአራት እጥፍ ያድጋል። ይህ ቀመር የሰው ሕይወት ያለበት ስለሆነ፣ ለፈተና ብቻ ተሸምድዶ መረሳት የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ ክብር የሚገባው ግን ጥገና ነው። የድሬዳዋ ወርክሾፕ ሠራተኞች መለዋወጫ ሲጠፋ በቶርኖ እየቀረጹ፣ እየበየዱ፣ ያረጀውን ከአዲሱ እያዛመዱ ባቡሩን ለአሥርት ዓመታት አቆዩት። አብዛኞቹ ሙያውን የተማሩት ከቀደሟቸው ባለሙያዎች እጅ ነው። የመለዋወጫና የጥገና በጀት ሲደርቅ ያ ሁሉ ጥበብ ብቻውን አልበቃም፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል ያለው አገልግሎት ቆመ።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። የሃዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር፣ የሚንቀሳቀስበት የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ 25 ኪሎ ቮልት ነው፤ ጅቡቲ ላይ ነጋድ ጣቢያ ይደርሳል። ቦይለር የለውም። ፍሬን፣ መንኮራኩር፣ አክስልና ማቀዝቀዣ ግን አሁንም አሉት፤ አሁንም ይሞቃሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ያልቃሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን ባቡር በአብዛኛው ያንቀሳቀሱትና የጠገኑት የቻይና ባለሙያዎች ነበሩ።

በ1890 የነበረው «ኮሌጅ የለም» የሚል ሰበብ ዛሬ አይሠራም። አዲስ አበባ በ1945 ዓ.ም የምሕንድስና ኮሌጅ ከፍታለች፤ ድሬዳዋ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲም ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ አለ። የሦስቱ ከተሞች ተማሪዎች በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ጥገናን የዲዛይን ታናሽ አድርጎ ማስተማር ይብቃ፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊት በድሬዳዋ አሮጌ ወርክሾፕና በአዲሱ ባቡር ጋራዥ እጁ በግራሶ ይቆሽሽ። አሮጌውን ባቡር የጎዳው የጥገና መድረቅ ነው፤ አዲሱን የሚያኖረውም የእነዚህ ወጣቶች የጥገና ችሎታ ይሆናል።