የሦስት ነጥብ ግራፍ፦ የሕዝብ ቆጠራ ታሪክ ከጣርማ በር እስከ ይፋት ቆላ

የኢትዮጵያን የሕዝብ ብዛት የሚያሳይ ግራፍ የቆመው በሦስት ነጥቦች ላይ ነው፦ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተካሄዱት ብሔራዊ ቆጠራዎች። የቀረው መስመር በነጥቦቹ መካከል የተሰመረ፣ አለዚያም ከመጨረሻው ነጥብ ወደፊት የተቀጠለ ስሌት ነው። ነጥቦቹም ቢሆኑ በአንድ ዓይነት መንገድ የተገኙ አይደሉም፤ ማን እንደተቆጠረ፣ መቼ እንደተቆጠረና በየትኛው ወሰን ውስጥ እንደተመዘገበ በየጊዜው ተለዋውጧል። ከጣርማ በር ደጋ እስከ ይፋት ቆላ የሚወርደው የሰሜን ሸዋ ተዳፋት ይህ ሁሉ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው።

ከቆጠራው ዘመን በፊት መንግሥት ይለካ የነበረው በዋናነት ግብር የሚወጣበትን ነገር እንጂ ሰውን አልነበረም። በሸዋ መሬት በቀላድ ተለክቶ በጋሻ ይመዘገብ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ጽሕፈት ቤት ከተቋቋመ በኋላ የአዲስ አበባ ሕዝብ ተቆጠረ፣ በገጠርም የናሙና ጥናቶች ተካሄዱ፤ የአገሩ ጠቅላላ ቁጥር ግን ግምት ሆኖ ቆየ።

በግንቦት 1976 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው ቆጠራ 42.6 ሚሊዮን ሕዝብ አስመዘገበ። ጦርነት ባለባቸው ገጠሮች ቆጣሪ መግባት ስላልቻለ የዚያ ሕዝብ ብዛት በግምት ተሞላ። ቁጥሩ ኤርትራንም ይጨምራል። በጥቅምት 1987 የተካሄደው ሁለተኛው ቆጠራ ደግሞ ያለ ኤርትራ 53.5 ሚሊዮን አገኘ። ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ በመስመር የሚያገናኝ ሰው ሕዝቡ በዓመት በ2.2 በመቶ ያደገ ይመስለዋል። ኤርትራ ከመጀመሪያው ቁጥር ተቀንሳ 39.9 ሚሊዮን ሲቀር ግን ዕድገቱ 2.8 በመቶ ይሆናል። ይህን ልዩነት ያመጣው ልደትም ሞትም አይደለም።

ትልቁ ክርክር የተነሣው በሦስተኛው ነጥብ ላይ ነው። የ1999ኙ ውጤት በ2001 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተተነበየው በ2.4 ሚሊዮን ገደማ አንሶ ተገኘ። በ1987 ዓ.ም. 13.8 ሚሊዮን የነበረው ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ላይ ደርሷል፤ ይህም በዓመት 1.7 በመቶ ግድም ዕድገት ነው። የአገሩ አማካይ 2.6፣ የኦሮሚያ 2.9 በመቶ ነበር። በግራፉ ላይ የአማራ መስመር ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ጎን ጋደል ይላል። «የጠፋው ሕዝብ የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ ከምክር ቤቱ አልፎ በውጭ አገር ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድም ለዓመታት ሲያከራክር ኖሯል።

ከቀረቡት መልሶች አንዱ የወሊድ መቀነስ ነበር። የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች እንዳሳዩት በክልሉ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች በ1992 ዓ.ም. 5.9፣ በ1997 ደግሞ 5.1 ነበሩ። ለውጡ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው የመጣው ወደ ዘመኑ መጨረሻ ስለሆነ ያን ያህል ጉድለት ብቻውን የሚሸከም አይመስልም። ሌላው መልስ ፍልሰት ነው። ይህን ለመመዘን ክልልንና ብሔርን መለየት ያስፈልጋል። ሰው ከክልሉ ወጥቶ ሌላ ቦታ ቢሰፍር የክልሉ ቁጥር ይቀንሳል፤ ራሳቸውን አማራ ብለው በመላው አገሪቱ ያስመዘገቡት ሰዎች ቁጥር ግን በአገር ውስጥ ፍልሰት አይነካም። እሱም ከ16 ሚሊዮን ወደ 19.9 ሚሊዮን ብቻ አደገ፤ ይህም ያው 1.7 በመቶ ነው። ስለዚህ በአገር ውስጥ መፍለስ ብቻውን መልስ አይሆንም። አዲስ አበባም ከተጠበቀው በታች፣ 2.7 ሚሊዮን ሆና መገኘቷ ነገሩን የአንድ ክልል ጉዳይ ብቻ አድርገው ለሚያዩት የሚያስቸግር ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነጥብ ደግሞ የዕድገት መጠን የሁለት ቆጠራዎች ልዩነት መሆኑ ነው። የ1987ቱ ቁጥር ከፍ ብሎ ተመዝግቦ ቢሆን ወይም የ1999ኙ ዝቅ ብሎ፣ ግራፉ የሚያሳየው አንድ ዓይነት መስመር ነው።

የብሔር ቁጥር ራሱ ምን ያህል ተንቀሳቃሽ እንደሆነ የይፋት አርጎቦች ያሳያሉ። በ1987 ዓ.ም. አርጎባ ነኝ ያለው ሰው 62 ሺህ ገደማ ሲሆን በ1999 140 ሺህ ገደማ ሆነ። በአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከእጥፍ በላይ የሆነ ዕድገት በወሊድ ሊመጣ አይችልም። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል በአማራም በአፋርም ክልል የአርጎባ ልዩ ወረዳዎች ተቋቁመዋል፤ ቀድሞ በሌላ ስም ይመዘገብ የነበረው ሰው በራሱ ስም መመዝገብ ጀምሯል። እዚህ ላይ ግራፉ በይበልጥ የሚለካው የማንነት ዕውቅናን ነው።

የይፋት ቆላ ሌላም ችግር ያሳያል። ሦስተኛው ቆጠራ በአብዛኛው የአገሩ ክፍል በግንቦት 1999 ሲካሄድ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች የተካሄደው በኅዳር 2000 ነው። በአፋር ወሰን ከብቱን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ቤተሰብ ሁለቴ ሊቆጠር፣ ወይም ሁለቱንም ጊዜ ሊያመልጥ ይችላል።

ወደ ወረዳ ሲወረድ ማነጻጸሩ ይበልጥ ይከብዳል። በደርግ ዘመን አካባቢው በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ስር ነበር፤ በኋላ በዞንና በወረዳ ተከፋፈለ። ዛሬ ጣርማ በርና ሞጃና ወደራ የሚባሉት ወረዳዎች ቀድሞ ማፉድን፣ መዘዞንና ሞጃን ባጠቃለለ አንድ ወረዳ ውስጥ ነበሩ። ወሰኑን ሳያስተካክል የድሮውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር የሚያስተያይ ሰው ግማሹ ሕዝብ ያለቀ ሊመስለው ይችላል። አማካይም የሚሸፍነው ነገር አለው። ከጣርማ በር ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት መንገዱ ወደ 1,800 ሜትር ይወርዳል፤ ገብስና በግ ካለበት ብርድ ማሽላና ማሾ ወደሚዘራበት ሙቀት። በሸዋ ሮቢት ደግሞ ትልቅ ማረሚያ ቤት አለ። ረጅም ጊዜ የሚቆይ ታራሚ ባለበት ስለሚቆጠር፣ በዕድሜና በጾታ ሠንጠረዡ ላይ የሚታየው የወንዶች ብዛት ሥራ ፍለጋ የመጡ ሰዎች ያመጡት ሊመስል ይችላል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል። አራተኛው ቆጠራ ለ2010 ዓ.ም. ታስቦ፣ ለቆጣሪዎች ታብሌት ተገዝቶ፣ በጸጥታ ችግር ደጋግሞ ተላለፈ። ስለዚህ የጣርማ በርና በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለው የቀወት ወረዳ የዛሬ ቁጥሮች ከ1999ኙ ነጥብ የተቀጠሉ ትንበያዎች ናቸው። ትንበያው በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አካባቢ የተፈናቀለውን ሰው አያውቅም፤ በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሸሸውንም እንዲሁ፤ መስመሩ በእነዚያ ወራት ላይ ያለ አንዳች መዛነፍ ያልፋል። የክትባት ሽፋንም የእርዳታ እህልም የሚሰላው በዚሁ ቁጥር ነው። የአንድ ወረዳ ክትባት ሽፋን ከ100 በመቶ በላይ ሲወጣ መጀመሪያ መመርመር ያለበት የተከተቡት ሕፃናት ብዛት የተካፈለበት ቁጥር ነው።