ቋጠሮ፣ ሽርብ፣ ስግስግ፤ የገመድ ቅጥያ ታሪክና ስያሜው

ቃል ለሥራ ይፈጠራል፤ ሥራው ተለውጦ ቃሉ ባለበት ሲቀር ግን ሠራተኛውን ያሳስታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የገመድን ጫፍ ያለ ቋጠሮ የመቀጠል ጥበብ ከቃጫ ዘመን እስከ ሰው ሠራሽ ክር ዘመን የተጓዘበትን መንገድና በአማርኛ ሊኖረው የሚገባውን ስያሜ ነው።

የአማርኛ የገመድ ቃላት ጥቂት አይደሉም። ፈተለ፣ አከረረ፣ ገመደ፣ ጎነጎነ፣ ሸረበ እያልን እያንዳንዱን የእጅ ሥራ ለይተን እንጠራለን። ከቆዳ የሚሠራውን ጠፍርና መጫኛ፣ ከእንሰት የሚፋቀውን ቃጫ፣ ከጣልያንኛ የመጣውን ሲባጎ እናውቃለን። ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ሰው ዛሬም ሕይወቱን አምኖ የሚሰጠው ከአምባው ለተንጠለጠለ የጠፍር ገመድ ነው። ይሁን እንጂ ገመድ ሲያጥር ወይም ሲበጠስ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «ቀጥለው» ነው። የታዘዘውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቋጥሮ ይቀጥለዋል።

የአውሮፓ መርከበኞች ግን መቋጠርንና መቀጠልን ለይተው ሰየሙ። እንግሊዝኛ «ስፕላይስ» የሚለውን ቃል በ16ኛው መቶ ዘመን ከደች «ስፕሊሰን» ወሰደ፤ የፈረንሳይኛው «ኤፒሱር»ም ምንጩ ያው ነው። የቃሉ ሥር መሰንጠቅን ያመለክታል። ስሙ የተገኘው ከሥራው የመጀመሪያ ደረጃ ነው፤ መቀጠል የሚጀምረው በመፍታት ነውና። ባለ ሦስት ፈትል ገመድ ሲቀጠል የሁለቱ ጫፎች ፈትሎች ይፈታሉ፤ ከዚያም የአንዱ ፈትል በሌላው ሥርና ላይ እየተፈራረቀ በወስፌ ይሸረባል። ለቃጫ ገመድ በተለምዶ ሦስት ዙር ይበቃ ነበር፤ ሻካራው ቃጫ እርስ በርሱ ይያያዛልና።

ይህ ልማድ የተናጋው ጥሬ ዕቃው ሲለወጥ ነው። የመርከብ ገመድ በአብዛኛው ይሠራበት የነበረው አባካ፣ የእንሰት ዘመድ የሆነ የፊሊፒንስ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ጃፓን ፊሊፒንስን ስትይዝ ለተባባሪዎቹ መንግሥታት ይደርስ የነበረው አባካ ተቋረጠ። በዚህ ጊዜ በ1935 በዋላስ ካሮዘርስ ቤተ ሙከራ የተገኘው ናይለን ቦታውን መያዝ ጀመረ። ናይለን ጠንካራ ቢሆንም ልሙጥ ነው፤ ስለዚህ የሽረባው ዙር ከሦስት ወደ አምስት ከፍ እንዲል ተደረገ።

ከዚህ የበለጠ ለውጥ ያመጣው እጅግ ረጅም ሞለኪውል ያለው ፖሊኤትሊን ነው። በኔደርላንድ በዲኤስኤም ኩባንያ የሠሩት ፖል ስሚዝና ፒት ለምስትራ ይህን ነገር አሟሙተው እንደ ክር በመሳብ ሞለኪውሎቹ ጎን ለጎን እንዲሰለፉ አደረጉ፤ የክሩ የንግድ ምርትም በ1990 ዳይኒማ በሚል ስም ተጀመረ። ክሩ በክብደት ሲነጻጸር ከብረት ሽቦ ብዙ እጥፍ ይበረታል፤ በውሃም ላይ ይንሳፈፋል። ነገር ግን በጣም ያዳልጣል፤ ቋጠሮን አይወድም። ቋጠሮ ገመዱን በጠባብ ቦታ ስለሚያጥፈው ሸክሙ በጥቂት ክሮች ላይ ይወድቃል፤ የገመዱም ብርታት ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። አንዳንዱ ቋጠሮ እንዲያውም ሳይበጠስ ተንሸራቶ ይፈታል።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ ተያዘ። ይህ ገመድ ብዙውን ጊዜ በ12 ፈትል የተጎነጎነ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ነው። ጫፉ ቀስ በቀስ እንዲቀጥን ይደረግና በገመዱ ሆድ ውስጥ ይሰገሰጋል። ሸክም ሲመጣ ውጫዊው ጉንጉን እየጠበበ የተሰገሰገውን ጨምድዶ ይይዛል፤ ሸክሙ በበረታ መጠን አያያዙም ይበረታል። የሚሰገሰገው ርዝመት በተለመደ አንድ መመሪያ የገመዱን ውፍረት 72 ጊዜ ያህል ነው፤ ለ10 ሚሊሜትር ገመድ 72 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው። ገመዱ ሲላላ ጫፉ እንዳይወጣም በክር ይሰፋል። በሚገባ የተሠራ ቅጥያ ከገመዱ ብርታት 90 በመቶ ያህሉን ይጠብቃል።

እንግዲህ የስያሜው ጉዳይ የመዝገበ ቃላት ጌጥ ብቻ አይደለም። በመርከብ ወይም በክሬን ሥር የሚሠራ ወገናችን «ገመዱን ቀጥል» የሚል መመሪያ ቢያነብና ቢቋጥር፣ ወይም የቃጫውን ሦስት ዙር በዚህ አዳላጭ ገመድ ላይ ቢሸርብ፣ የሚወድቀው ሸክም ከበታቹ የቆመውን ሰው አይለይም።

በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ጠቅላላው ስም «ቅጥያ» ይሁን፤ «ቋጠሮ»ም ከዚህ ተለይቶ ይቀመጥ። ፈትል በፈትል የሚሠራው «ሽርብ ቅጥያ»፣ በጉንጉን ገመድ ሆድ ውስጥ የሚገባው «ስግስግ ቅጥያ» ይባል። «ቅጥያ» በሰዋስው በቃል ግንድ ላይ የሚጨመረውን ክፍል ስለሚያመለክት ግራ ያጋባል የሚል መቃወሚያ እንደሚነሣ እናውቃለን። ሆኖም የሰዋስው ሊቅና የገመድ ሠራተኛ በአንድ ገጽ ላይ የሚገናኙት ከስንት አንዴ ነው። «ስፕላይስ»ን እንዳለ መዋስ ይሻላል ለሚሉም መልሳችን አጭር ነው፤ የባዕዱ ቃል ሥራውን ላላየ ሰው ምንም አይነግረውም፤ «ስግስግ» ግን እጁ ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረዋል።

ገመዱን በእጃቸው የሚሠሩበት ባለሙያዎች ከዚህ የተሻለ ቃል ካላቸው፣ ከእኛ ይልቅ የእነሱ ቃል ሊጸና ይገባዋል።