የሎግኢን ዝርዝር ትእዛዞችና ረጅም የአይፒ አድራሻ

ላስት፣ ደብሊው እና ሁ በሊኑክስና በሌሎች የዩኒክስ ዝርያ ሲስተሞች ላይ ማን፣ መቼና ከየት ሆኖ ሰርቨር ውስጥ እንደገባ የሚያሳዩ የኮማንድ ላይን ትእዛዞች ናቸው። ሁ እና ደብሊው በሰዓቱ ያሉትን ይዘረዝራሉ፤ ላስት ወደ ኋላ ሄዶ የገቡትንም የወጡትንም ያወጣል። ላስትና ደብሊው «ከየት» የሚለውን ዓምድ ቆርጠው ስለሚያሳዩ፣ አይፒቪ6 በሚሠራበት ኔትወርክ ላይ ይታማሉ።

ምክንያቱ 16 የምትባል ቁጥር ናት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቢኤስዲ ዩኒክስ የሎግኢን መዝገብ ለመነሻው ማሽን 16 ባይት ብቻ ይመድብ ነበር። ረጅሙ የአይፒቪ4 አድራሻ ከነነጥቦቹ 15 ምልክት ስለሆነ ቦታው በቂ ነበር። በታኅሣሥ 1995 (እ.ኤ.አ.) ደንቡ የወጣው አይፒቪ6 ግን ሳያጥር ሲጻፍ 39 ምልክት ይፈጃል። የሊኑክስ መዝገብ በኋላ ሰፍቷል፤ ለማሽኑ ስም 256 ባይት፣ ለአድራሻው ሙሉ 128 ቢት ይይዛል። ስለዚህ የተጻፈው መረጃ አልጎደለም፤ ዓምዱ 16 ምልክት ብቻ ስለሚያሳይ የሚጎድለው ስክሪን ላይ ሲወጣ ነው። ከሩቅ ሰርቨር ውስጥ መግቢያው ፕሮግራም ኦፕንኤስኤስኤች በ2015 (እ.ኤ.አ.) የማሽን ስም መፈለጉን በነባሪ ሲተው ደግሞ ዝርዝሩን ስም ሳይሆን አድራሻ ሞላው።

ጉዳቱ በሁለት ከተማ የተከፈለ ተቋም ላይ ይጎላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲን ለምሳሌ እንውሰድ፤ ዋናው ግቢ ደሴ ነው፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ። ለአንድ ተቋም በተለምዶ የሚሰጠው የአይፒቪ6 ድርሻ ባለ 48 ቢት ነው፤ ማለትም የአድራሻው የመጀመሪያ ሦስት ቡድኖች ለሁለቱም ግቢ አንድ ይሆናሉ። ቡድኖቹ ባለ አራት አኃዝ ከሆኑ 16ቱ ምልክት ሦስቱን ቡድንና ከአራተኛው አንዲት አኃዝ ብቻ ያሳያል። ሁሉም የሚጋራው ክፍል ይተርፋል፣ ማሽኑን የሚለየው ይቆረጣል። ደሴን ከኮምቦልቻ የምትለየው ያቺው አንዲት አኃዝ ናት፤ እሷም አድራሻውን ያከፋፈለው ባለሙያ አስቀድሞ ካሰበበት ብቻ።

ከዚህ የባሰው ግን የተቆረጠው አድራሻ ጤነኛ መስሎ ሲታይ ነው። ለኔትወርክ ፍተሻ ከተከለለው ክልል 2001:2:0:15::1254 የሚለውን ብንወስድ 17 ምልክት አለው። ላስት የመጨረሻዋን 4 ይጥልና 2001:2:0:15::125 ይላል። ይህም ትክክለኛ አድራሻ ነው፤ የሌላ ማሽን አድራሻ። የላስትን ውጤት አንብቦ ወደ ፋየርዎል የሚያስተላልፍ ስክሪፕት ያለው ሲስተም አድሚን ጥፋተኛውን ትቶ ጎረቤቱን ሊዘጋ ይችላል። አድራሻው መሀል ላይ ሲቆረጥና ጎዶሎነቱ በግልጽ ሲታይ ይሻላል፤ ፋየርዎሉ ቢያንስ አልቀበልም ይላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ማስታወስን ግን ይጠይቃል። ላስት «ሰረዝ ደብሊው» ሲጨመርለት ስሙንም አድራሻውንም ሙሉ ያወጣል፤ «ሰረዝ ኤ» ደግሞ አድራሻውን ወደ መጨረሻው ዓምድ ይወስደዋል። የደብሊው ትእዛዝ ዓምድ በነባሪ 16 ነው፤ «ፕሮክፕስ ፍሮምሌን» በሚባለው ተለዋዋጭ ይሰፋል። ሁ አድራሻውን በቅንፍ ውስጥ ሳይቆርጥ ስለሚጽፍ አሁን ያለውን ሰው ለማየት እሱ ይመረጣል።

ላስት የሚያነበው አሮጌው የመዝገብ ቅርጽ ከአድራሻው ሌላ የጊዜ ችግርም አለበት፤ ጊዜን በ32 ቢት ስለሚቆጥር 2038ን (እ.ኤ.አ.) አይሻገርም። ለዚህ ሲባል ደብሊውቲኤምፒዲቢ የተባለ፣ መዝገቡን በኤስኪውላይት ዳታቤዝ የሚያስቀምጥ ተተኪ ተሠርቷል። የጊዜው ችግር በዚህ ሲፈታ፣ ሙሉ አድራሻ ለማየት ግን እዚያም «ሰረዝ ደብሊው» መጻፍ የግድ ነው።