«ስፋት»፣ «ወርድ» እና «ካሬ» በሒሳብ ትምህርት

የአቃቂ መምህር «የዚህን ሬክታንግል ስፋት ፈልጉ» ሲል ሕፃኑ አጭሩን ጎን ለክቶ ቢያቀርብ አይፈረድበትም፤ በዕለት ንግግር የበርም የመንገድም ስፋት ወርዱ ነውና።

አማርኛ የቦታ መለኪያ አልቸገረውም። በሸዋ መሬት በገመድ፣ ማለትም በቃላድ፣ እየተለካ በጋሻ ይቆጠር ነበር። ይሁንና 40 ሄክታር ገደማ የሚባለው ጋሻ እንደ መሬቱ ለምነት ይለያይ ስለ ነበር፣ የልኩን ምንነት የሚሰይም ቃል አላወረሰንም።

የከተማ ቦታ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የፈቀደው እስከ 500 ካሬ ሜትር ነበር። ዛሬ በንግግር «ሜትር» ተቆርጦ «ሁለት መቶ ካሬ» ይባላል። ይህ ሁለተኛ ወጥመድ ነው፤ በመማሪያ መጽሐፍ ካሬ የቅርጽ ስም ነውና።

«መጠነ ስፋት» የሚለው ስያሜ የመጀመሪያውን ችግር ያቃልላል፤ ጥቂት ቢከብድም ከመደናገር ይሻላል። ለአጭሩ ጎን ግን አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ በታወቀችው አቃቂ «ወርድ» የጨርቅ ቃል ነው፤ ጨርቅ በሜትር ሲሸጥ ገዢው ወርዱን ይጠይቃል። ወርዱ 1.5 ሜትር የሆነ 4 ሜትር ጨርቅ 6 ካሬ ሜትር ወለል ይሸፍናል። «ይሸፍናል» የሚለው ግስ፣ በእኔ ግምት፣ ከማናቸውም ብያኔ ይበልጣል፤ ያው ጨርቅ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲቆረጥም እያንዳንዱ ጎነ ሦስት 3 ካሬ ሜትር እንደሚሸፍን ሕፃኑ ራሱ ያየዋል።