መፈክሩ ሁለት ቃል፣ ጣጣው ስልሳ ዓመት

ለመሆኑ አንድ ፓርቲ ፖሊሲውን ሲነድፍ ከየት ነው መጀመር ያለበት? እስኪ ሁላችንም የምናውቀውን «መሬት ለአራሹ»ን እንይ።

የካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን መፈክር ይዘው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። ጥያቄው እውነተኛ ነበር። በደቡብ ጭሰኛው ካመረተው ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስረክባል፤ ውጣ ከተባለም ይወጣል። በጎጃምና በጎንደር ግን አብዛኛው ገበሬ ርስተኛ ነው። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. ያመጸው እንኳ አዲሱ የእርሻ ግብር ርስቴን ያሳጣኛል ብሎ ሰግቶ ነው። ያው አንድ መፈክር ለአንዱ ተስፋ፣ ለሌላው ስጋት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን ዐዋጅ አወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር እንዲይዝ ተፈቀደ። አዲስ አበባ በደስታ ሰልፍ ተጥለቀለቀች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን መሬት መሸጥ፣ ማከራየትና በዕዳ ማስያዝ ተከለከለ። «ለአራሹ» የተባለው መሬት «የሕዝብ» ሆነ፣ በተግባር ደግሞ የመንግሥት። ታዲያ አራሹ ባለቤት ነው ወይስ ተጠቃሚ? መፈክሩ ይህን አልመለሰም።

ፓርቲዎቹስ? ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት» አለ፣ መኢሶን «ሂሳዊ ድጋፍ» አለ። ሥልጣን በማን እጅ ይሁን በሚለው ተጫረሱ። ስንት ወጣት አለቀ! የይዞታው ጥያቄ ግን እዚያው ቀረ።

ቀርቶም አልቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። በ1997ቱ ምርጫ ክርክር ቅንጅት የግል ይዞታን ሲያነሳ፣ ኢሕአዴግ ገበሬው በክፉ ቀን ሸጦ ይፈናቀላል ብሎ ሞገተ። ከ40 ዓመት በፊት በሰልፉ ማግስት ሊጠየቅ የሚገባው ያኔ ተጠየቀ።

እንግዲህ ፕሮግራም የሚጽፍ ሁሉ ከመፈክሩ ሥር ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስ፦ ማን ያገኛል? ማን ያጣል? ዝናብ በጠፋበት ዓመትስ ምን ይሆናል? መልሱን ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ብቻ አይፈልገው፤ ከአርሲውም ከጎጃሙም ገበሬ ጋር ቁጭ ብሎ ይጠይቅ። አባቶች «ነገሩን ከሥሩ፣ ውኃውን ከጥሩ» ይሉ የለ?