ኤድዊን ፎክስ፦ የአንዲት ባለሸራ መርከብ የሥራ ዘመን

የቅኝ ግዛትን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ገዢዎች፣ ስለ ጦርነቶችና ስለ ውሎች ይናገራሉ። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ሰውና ጭነት ስታመላልስ የኖረችውን ኤድዊን ፎክስ የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ ነው። የሥራዋን ቅደም ተከተል የተመለከተ ሰው የዚያን ዘመን የቅኝ ገዢዎች ፍላጎት በየጊዜው እንዴት እንደ ተለዋወጠ ያስተውላል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

መርከቢቱ የተሠራችው በ1853 ዓ.ም. በቤንጋል፣ በካልካታ አጠገብ በሁግሊ ወንዝ ዳር ነው። ርዝመቷ 48 ሜትር ያህል ሲሆን፣ አካሏ ቲክና ሳል ከተባሉት ጠንካራ የእስያ እንጨቶች የተበጀ ነው። ቲክ በተፈጥሮው ቅባት ያለው ስለ ሆነ ውሃ ቶሎ አያበሰብሰውም።

ብዙም ሳይቈይ የክሪሚያ ጦርነት ስለ ተነሣ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ተከራይቷት ወታደሮች አጓጓዘችለት። በ1858 ዓ.ም. ደግሞ እስረኞችን ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ ወሰደች፤ የሠራተኛ እጥረት የነበረበት ይህ ግዛት ከ1850 እስከ 1868 ዓ.ም. ከእንግሊዝ የሚላኩትን ግዞተኞች ይቀበል ነበርና። ከ1873 እስከ 1880 ዓ.ም. ባደረገቻቸው 4 ጉዞዎች 751 መንገደኞችን ወደ ኒውዚላንድ አደረሰች፤ አብዛኞቹም አዲስ ሰፋሪዎች ነበሩ። እንግዲህ ያችው መርከብ ወታደሩንም፣ እስረኛውንም፣ ሰፋሪውንም ተሸክማለች፤ የተለወጠው የተከራዩ ፍላጎት ነው።

የስዊዝ ቦይ በ1869 ዓ.ም. ሲከፈት የባለሸራ መርከብ ዘመን አብሮ አለቀ የሚል አስተያየት አለ። ይሁን እንጂ ኤድዊን ፎክስ ሰፋሪዎችን ማጓጓዝ የጀመረችው ቦዩ ከተከፈተ ከ4 ዓመት በኋላ ነው። ቦዩ ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው ወደ ሕንድና ወደ ቻይና የሚሄደውን የእንፋሎት መርከብ ነው፤ ወደ ኒውዚላንድ በሚወስደው ረጅም መንገድ ግን የድንጋይ ከሰል ብዙ ገንዘብ ሲያስወጣ፣ ነፋስ ያለ ዋጋ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ሸራው የተሸነፈው በአንድ ቀን ሳይሆን መንገድ በመንገድ፣ ቀስ በቀስ ነው ለማለት እንደፍራለን።

በ1882 ዓ.ም. ደነዲን የተባለች ሌላ ባለሸራ መርከብ በበረዶ የደረቀ ሥጋ ከኒውዚላንድ እስከ እንግሊዝ ሳይበላሽ ልታደርስ እንደምትችል አስመሰከረች። በዚህም ምክንያት በ1885 ዓ.ም. ኤድዊን ፎክስ የማቀዝቀዣ መኪና ተተክሎባት፣ በወደብ ቆማ የበግ ሥጋ የምታደርቅ ሆነች። በ1897 ዓ.ም. ተጐትታ ወደ ፒክተን ወደብ ከሄደች በኋላ የድንጋይ ከሰል መጋዘን ሆና እስከ 1950 ዓ.ም. አገለገለች። በነፋስ የኖረችው መርከብ በስተርጅና የተቀናቃኟን ቀለብ ጠባቂ ሆነች ማለት ነው።

በ1965 ዓ.ም. ቅርስነቷን የተገነዘበ ማኅበር በ1 ሽልንግ ገዛት፤ ዛሬም በፒክተን ለሕዝብ ትታያለች። የምትጠራው በእንግሊዛዊ ስም ነው። ጦርነትን፣ ማዕበልንና ሥራ ፈትነትን አልፋ ከ170 ዓመት በላይ የቈየችው ግን በቤንጋል አናጢዎች እጅ ሥራ ነው። እንግዲህ የእነርሱ ድርሻ ከባለ መርከቦቹ ድርሻ ጋር በታሪክ ሊቈጠር ይገባል እንላለን።